አጽናኙም ሐዘንተኛ ነው

የዛሬው ረዘም ያለ ነው፤ ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ከባድ ዝናብ የመታው ተራራ ተንዶ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቀብረዋል። ወሬውን የሰማ ሁሉ፣ አካፋ ያለው በአካፋ የሌለው በእጁ፣ ሊቆፍር ወጣ። ጎረቤት መጣ፤ የቀበሌው አስተዳዳሪ መጣ፤ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች መጡ። እየቆፈሩ ሳሉ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ካለቀበት ከዚያ አደጋ ሟቾች ብዙዎቹ ሊረዱ የወጡ ሰዎች ናቸው።

ጎፋ ለእኛ ለወላይታዎች ጎረቤት ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ በራሳችን ዞን፣ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ ናዳ ሰው ገደለ። ለሁለቱም ቦታ እህል፣ ብርድ ልብስና ድንኳን ተላከ፤ ተገቢም ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ አንድ ጥያቄ ነው። የሥራ ባልደረባዋን ቀብራ በማግስቱ ቁስለኛ ለመቀበል ወደ ጤና ጣቢያ የምትመለስ ነርስ አለች እንበል። እሷን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት ማን ነው?

ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ «ትራውማ» የሚለው ቃል በየስብሰባው ይሰማል። ለአማካሪዎች፣ ለነርሶች፣ ለመምህራን፣ ለፖሊሶችና ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሥልጠና ይሰጣል። ጥሩ ነው። የወላይታን ታሪክ ወደ ኋላ ስገልጠው ግን ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ። እዚህ አገር ረጂ የሚባለው ሰው ከተረጂው ተለይቶ፣ ዳር ቆሞ አያውቅም። ከዚህ እውነት የማይነሳ ሥልጠና ገንዘብ ማባከን ነው። እስኪ ታሪኩን አብረን እንየው።

በ1887 ዓ.ም የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታ ላይ ሲዘምት ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ከዘማቹ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ጆሴፍ ቫንደርሄይም ያየውን እልቂትና በምርኮ የተነዳውን ሕዝብ በመጽሐፍ ጽፎ አሳትሟል። ስለዚያ ዘመቻ ዛሬም የምንከራከረው ስንት ሰው እንደሞተና ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ነው። የተረፈው ሰው እንዴት ኖረ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መንግሥቱ ሲፈርስ፣ የሚያስታርቀውም የሚያጽናናውም ሽማግሌ ከጎረቤቱ እኩል ገባር ሆነ። ሐዘኑን የሚያወራለት እንጂ ከሐዘኑ ውጭ የቆመ ሰው አልነበረም።

አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ጣሊያን መጣ። በ1929 ዓ.ም የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሠራተኞች ከሶዶ እንዲወጡ ሲደረግ ከእነሱ ጋር የሕክምና ሰዎቻቸውም ሄዱ። በወላይታ የነበሩት የተጠመቁ አማኞች ያኔ 48 ብቻ ነበሩ። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ከእነሱ አንዱ ዋንዳሮ ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን በሺዎች የሚቆጠር ምእመን ጠበቃቸው። ይህን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን የሰማነው እንደ እምነት ድል ነው፤ ድልም ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። በዚያ ክፉ ዘመን ሕዝቡን የሰበሰቡትና ያጽናኑት ጀርባቸው ላይ የግርፋት ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። ያ ጠባሳ ኃይልም ሆኗቸው ይሆናል። ሌሊት ሌሊት ምን ይዞባቸው ይመጣ እንደነበር ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ከዚያ 1977 ዓ.ም መጣ። የዚያን ጊዜ ረሃብ ሲነሳ ሁሉም የሚያስታውሰው ኮረምንና መቀሌን ነው። ወላይታም ግን ተርቧል፤ እናቶቻችን ዛሬም ዓመቱን ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። እህል ሲያድል የነበረው የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ሕፃን ሲመዝን የነበረው ጤና ረዳት፣ የራሳቸው ቤትም ከረሃቡ ውጭ አልነበረም። ማን ይብላ ማን ይቆይ ብሎ የወሰነ ሰው ያንን ውሳኔ ተሸክሞ ይኖራል።

በ1992 ዓ.ም ደግሞ የ«ወጋጎዳ» መጻሕፍት መጡ። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፋኛንና ዳውሮኛን ቀላቅሎ አንድ የትምህርት ቋንቋ ለመፍጠር የተሞከረበት ጊዜ ነው። ሶዶ ተቃወመች፤ ሰዎች ተገደሉ፤ መምህራን ታሰሩ፣ ተዛወሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ቀሩ፣ ወላይታም በ1993 ዓ.ም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ይህንንም እንደ ድል እንተርከዋለን። ተማሪው የፈራውን ሁሉ ሊያረጋጋ የሚገባው መምህር ግን ራሱ ከእስር የተመለሰ ሰው ነበር።

የቅርቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰኔ 2010 ዓ.ም በሐዋሳ በተነሳው ግጭት የወላይታ ተወላጆች ተገድለዋል፤ ብዙዎች ተፈናቅለው ወደ ሶዶ መጡ። ነሐሴ 2012 ዓ.ም የዞኑ አመራሮች መታሰራቸውን ተከትሎ በሶዶና በሌሎች ከተሞች በተነሳው ተቃውሞ ከአሥር በላይ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ሞቱ። የዚያን ሰሞን ሆስፒታል ተረኛ የነበረው ሐኪም የሚያክመው ማንን እንደሆነ አስቡት፤ የጎረቤቱን ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው ታሪክ ልውሰዳችሁ። አገራችን ለአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን የነበራት አንድ ትልቅ አድራሻ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት እዚሁ አገር ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። በኋላም የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ትልቅ ሙከራ ተደርጓል፤ በምርምር ጽሑፎች ላይ «ሶዶ» የሚል ስም ደጋግማችሁ ታያላችሁ። እንዳትሳሳቱ፤ ያ የጉራጌው ሶዶ ወረዳ ነው። የእኛዋ ሶዶ አይደለችም።

ቃሉም የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካውያን ሐኪሞች ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣውን ሕመም በይፋ መዝገባቸው ያሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ከቬትናም የተመለሱት ወታደሮች ጩኸት ነው ያስገደዳቸው። «ትራውማን ያገናዘበ አገልግሎት» የሚባለው አሠራር ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁሉም ሰው የሥነ ልቦና ሐኪም ይሁን አይልም። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ፣ የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ ፖሊሱ፣ ፓስተሩ፣ ፊታቸው የተቀመጠው ሰው ክፉ ነገር አይቶ ሊሆን እንደሚችል ይወቁ ነው የሚለው። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትሆነው?» ብሎ ከመቆጣት «ምን ደረሰብህ?» ብሎ ማሰብ። በተግባር ጥቃቅን ነገር ነው። በሩን ከመዝጋት በፊት ማስፈቀድ። የተደፈረችን ልጅ ወረፋ በተሞላ ኮሪደር ስሟንም ጉዳይዋንም ጮክ ብሎ አለመጥራት። አንዴ የተናገረችውን ለአምስት ቢሮ አምስት ጊዜ እንዳትደግም ማድረግ።

ይህን ስጽፍ ራሴን ነፃ አላወጣም። በ2010 ዓ.ም ሶዶ የተጠለሉ ተፈናቃዮችን ላነጋግር ሄጄ ነበር። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። መቅረጫዬን ከፈትኩና «ያን ቀን ምን ተሰማዎት?» አልኳት። መናገር ጀመረች፤ መሐል ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ ዝም ብዬ መቅረጹን ቀጠልኩ፤ ጥሩ ቁስ አገኘሁ ብዬ። ከእኔ በፊት መዝጋቢው፣ ኮሚቴውና ሌላ ጋዜጠኛ ይህንኑ እንደጠየቋት በኋላ ሰማሁ። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ማንም አላስተማረኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሰውን የደረሰበትን እንዲተርክ መጫን እንደማይገባ አስቀምጦ ነበር። መመሪያው በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ይህማ እኛ ለቅሶ ላይ የምናደርገው ነው» ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው። ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ሐዘንተኛውን «እንዴት ሞተ? ዝርዝሩን ንገረኝ» ብሎ አያፋጥጥም። አጠገቡ ይቀመጣል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ምግብ ይመጣል፣ ማንም ብቻውን አያድርም። ሠልጣኞቻችን ይህንን ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ አሠልጣኙም ከዚያ ቢጀምር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ለቅሶ የሚቀመጠው ለሞት ብቻ ነው። ለመደፈር ለቅሶ የለም። እስር ቤት ለደረሰ ድብደባ ድንኳን አይተከልም። በደቡብ አፍሪካ መንገድ ላይ ጓደኛው በረሃ ቀርቶበት ለተመለሰ ወጣት ምግብ ይዞ የሚመጣ እድርተኛ የለም፤ ገንዘቡን የበላበት ቤተሰቡ እንኳ ሊቆጣው ይችላል። አዲስ አበባ ሊስትሮ ሆኖ ሲደበደብ ያደገው ልጅም እንዲሁ። ባህላችን በር ያልከፈተላቸው ሐዘኖች እነዚህ ናቸው፤ የሠለጠነ አማካሪ የሚያስፈልገውም በትክክል እዚህ ጋ ነው።

ታዲያ ሥልጠናው ምን ይምሰል? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ በወላይትኛ ይሁን። ሰው የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ ነው። ነርሷ በእንግሊዝኛ ስላይድ የተማረችውን ለዳሞት ገበሬ ልትነግረው አትችልም።

ሁለተኛ፣ ከሠልጣኙ ከራሱ ይጀምር። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት መሐል ከሐዋሳ የተፈናቀለ፣ ወንድሙ በ2012 የሞተበት፣ ናዳ ሲቆፍር የዋለ ሊኖር ይችላል። እሱን «ተጎጂዎችን እንዴት እንርዳ» ብሎ ማስተማር ብቻ ቁስሉን ሸፍኖ ወደ ሥራ መላክ ነው። የራሱን ቁስል ያላየ ረጂ ከሁለት አንዱን ይሆናል፦ ወይ የሌላውን ሕመም መስማት ያቅተውና «በርታ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ወሬውን ይዘጋል፣ ወይ ሁሉንም ተሸክሞ ይወድቃል።

ሦስተኛ፣ ሦስት ቀን ሰጥቶ መሄድ ይቅር። አበል ተከፍሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሰርተፍኬት ታድሎ የሚያልቅ ሥልጠና የሚቀየር ነገር የለውም። በየወሩ አንድ ቀን ከበሰለ ባለሙያ ጋር ተቀምጠው የከበዳቸውን ጉዳይ የሚያወሩበት ሰዓት ያስፈልጋቸዋል።

«ይህ ሁሉ ለድሃ ዞን ቅንጦት ነው» ለሚለኝ ሁምቦን አሳየዋለሁ። የሁምቦ ተራራ ዛፉ ተጨፍጭፎ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ከ1998 ዓ.ም ወዲህ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 7 የገበሬ የደን ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር መሬት እንዲያገግም አድርገዋል። አብዛኛውን አዲስ ችግኝ አልተከሉም፤ ከመሬት በታች ያልሞተውን ጉቶ ከከብትና ከመጥረቢያ ጠብቀው እንዲያቆጠቁጥ ነው የተዉት። የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድም ለዓመታት በሚዘልቅ ውል ገዛቸው። ደኑ ይለካል፣ ይቆጠራል፣ ጠባቂ አለው። ማለት ረጅም ክትትል እዚሁ ወላይታ ውስጥ ይቻላል፤ ተችሎም ታይቷል። ለዛፍ የተቻለው ለነርስ፣ ለመምህርና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ በዞኑም ሆነ በድርጅት ሥልጠና የምታዘጋጁ ወዳጆቼ፣ ቀጣዩን በጀት ስትሠሩ የሆቴሉን ወጪ ቀንሱና በስድስተኛው ወር የምትመለሱበትን ትራንስፖርት አስገቡ። ስትመለሱም መጀመሪያ ስለ ተረጂዎቹ ቁጥር አትጠይቁ። «እናንተስ እንዴት ሰነበታችሁ?» በሉና ለመልሱ ጊዜ ስጡ።