የኤሌክትሪክ ጊታር በመኖሪያ ቤት፤ የትርፍ ጊዜ ተጫዋቾችና የመሣሪያ ምርጫቸው ታሪክ

መግቢያ

ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር የተጻፉትን ታሪኮች የሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው የመድረክን ታሪክ ነው፤ ስመ ጥር ተጫዋቾችን፥ ትላልቅ አዳራሾችንና ሸክላ አሳታሚዎችን ያያል። ነገር ግን ከፋብሪካ የወጡት ጊታሮች ሁሉ መድረክ ላይ አልወጡም። ብዙዎቹ የገቡት ወደ መኝታ ክፍል፥ ወደ ሳሎንና ወደ ምድር ቤት ነው። የሚጫወቱባቸውም ሰዎች ቀን በሌላ ሥራ ውለው ማታ ለገዛ ደስታቸው ክር የሚነኩ ናቸው። በአገራችን የበገናን ታሪክ በአደባባይ ከተደረደረው ብቻ ተነሥቶ ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ብዙ ነገር እንደሚያመልጠው ሁሉ፥ የኤሌክትሪክ ጊታርንም ከመድረኩ ብቻ የሚያይ ሰው ትልቅ ክፍል ይቀርበታል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ የሚከተለው ነው። የቤት ተጫዋች ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ችግር ነበረበት፤ ይኸውም መሣሪያው የተፈጠረው ድምፅን ለማጉላት ሲሆን ቤት ግን የጐላ ድምፅን አለመቻሉ ነው። ለዚህ ችግር የተገኙት መፍትሔዎች ርካሽና ትንንሽ ስለሆኑ ዝቅ ተደርገው ይታያሉ። እኛ ግን የመሣሪያውን ድምፅና አሠራር ከለወጡት ነገሮች መካከል እነዚሁ ትንንሽ መሣሪያዎች የሚገባቸውን ስፍራ አላገኙም እንላለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች

የኤሌክትሪክ ጊታር አሠራር በአጭሩ ሲገለጽ ቀላል ነው። የብረት ክር በማግኔትና በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ይህን ሞገድ ማጉያው ያበረታዋል፥ ስፒከሩም መልሶ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ይህን አሠራር በሎስ አንጀለስ ከተማ ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር በ1932 ለገበያ አዋሉት። ከአሉሚኒየም የተሠራው ጊታራቸው በቅርጹ ምክንያት «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። የሚጫወቱበትም ጭን ላይ አጋድመው ክሩን በብረት ዘንግ እየተጫኑ ነው።

ይህ ዐይነት አጨዋወት የመጣው ከሃዋይ ደሴቶች ሲሆን፥ በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ ከተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በኋላ በአሜሪካ ቤቶች እጅግ ተወዶ ነበር። በክሊቭላንድ ከተማ የነበረው ኦዋሁ የተባለው ድርጅት የሃዋይ ጊታር ትምህርትን ከመሣሪያው ጋር ለተራው ሰው ያቀርብ ነበር። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ጊታር ወደ ገበያ ሲወጣ የጠበቀው የዳንስ ቤት ሙዚቀኛ ብቻ አልነበረም፤ በቤቱ ተቀምጦ ትምህርት የጀመረውም ሰው ይጠብቀው ነበር። በ1936 የጊብሰን ኩባንያ ያወጣው ኢ ኤስ 150 ግን ከነማጉያው 150 ዶላር ያህል ያወጣ ስለ ነበር፥ በዚያ በድኽነት ዘመን ብዙ ሰው የሚደርስበት አልሆነም።

ቤት የሥራ ቦታም ሊሆን እንደሚችል ያስመሰከረው ሌስ ፖል ነው። ከባለቤቱ ከሜሪ ፎርድ ጋር በ1951 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ለዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ የቆየውን «ሃው ሃይ ዘ ሙን» የቀረጸው በኒው ዮርክ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ነበር። ሌስ ፖል በሙያው የታወቀ ሰው ስለ ሆነ የትርፍ ጊዜ ተጫዋች ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ድምፅን በድምፅ ላይ መደራረብ እንደሚቻል ለሁሉም አሳይቷል።

በካታሎግ የመጣው ጊታር

የቤት ተጫዋች በገበያ ላይ ራሱን የቻለ ደንበኛ ሆኖ በግልጽ የሚታየው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው። በፖስታ የሚሸጠው የሲርስ ኩባንያ ሲልቨርቶን በሚል ስም ያቀርባቸው ከነበሩት ጊታሮች ብዙዎቹ በኒው ጀርሲ ግዛት በዳንኤሌክትሮ ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። የፋብሪካው መሥራች ናታን ዳንኤል ርካሽ ነገርን በጥበብ ይጠቀም ነበር። የጊታሩን ፊትና ጀርባ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ ሠራው፤ ማግኔቱንና ሽቦውንም በከንፈር ቀለም መያዣ ቱቦ ውስጥ ከተተው።

በ1962 የወጣው ሲልቨርቶን 1448 የሚደነቅበት ነገር ሣጥኑ ነው። የጊታሩ መያዣ ሣጥን ራሱ 3 ዋት ያህል ኀይል ያለውን ማጉያና ትንሹን ስፒከር ይዟል። ገዢው ሣጥኑን ከፍቶ ጊታሩን ያወጣል፥ ሣጥኑን ያቆማል፥ ገመዱን ይሰካል፤ ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም። ዋጋው 67 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሲሆን፥ በዚያው ዘመን የፌንደር ኩባንያ ስትራቶካስተር ብቻውን፥ ያለ ማጉያ፥ ከዚህ ሦስት እጥፍ በላይ ያወጣ ነበር። እንዲህ ያለው ርካሽ ጊታር በዘመኑ እንደ መጫወቻ ቢቈጠርም ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል፤ የድምፁም ጠባይ እየታወቀ በመሄዱ አምሳያው እንደገና ተሠርቷል።

በእጅ የተሠራው

በእንግሊዝ አገር ሁኔታው ሌላ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት የውጭ ምንዛሪን ለመቈጠብ ሲል የአሜሪካን መሣሪያ ወደ አገር መግባት እስከ 1959 ድረስ ገድቦ ነበር። ገደቡ ከተነሣም በኋላ ዋጋው ለተማሪ የሚቻል አልነበረም። በ1963 ብሪያን ሜይ የተባለ ወጣት ተማሪ ከአባቱ ጋር ሆኖ ጊታር በእጁ መሥራት ጀመረ። ለአንገቱ የሆነው እንጨት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ክፈፍ ተወሰደ፤ ለመወጠሪያው የሞተር ብስክሌት ሞላዎች ዋሉ፤ በአንገቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ደግሞ ከእናቱ የስፌት ዕቃ የተገኙ ቁልፎች ናቸው። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ብሪያን ሜይ ኋላ የኩዊን ቡድን ጊታር ተጫዋች ሲሆን ይህንኑ ጊታር በዓለም መድረኮች ሁሉ ይዞ ዞረ።

የዚሁ ቡድን አባል ጆን ዲከን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጥሎ ያገኘውን የራዲዮ ሰሌዳ ከአንድ አነስተኛ የቤት ስፒከር ጋር አገናኝቶ ማጉያ ሠራ። ኀይሉ ከ1 ዋት በታች ነበር፤ የሚሠራውም በ9 ቮልት ባትሪ ነው። ሆኖም ቡድኑ በሸክላዎቹ ላይ የኦርኬስትራን ድምፅ ለመምሰል ሲፈልግ የተጠቀመው በዚሁ ነው።

የዋት ነገር

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስተውን አንድ ነጥብ ማብራራት ያስፈልጋል። የማጉያ ኀይል ዐሥር እጥፍ ሲጨምር፥ ጆሯችን ድምፁን የሚገምተው ዐሥር እጥፍ ሳይሆን ሁለት እጥፍ ያህል ከፍ እንዳለ አድርጎ ነው። ስለዚህ ባለ 100 ዋት ማጉያ ከባለ 10 ዋቱ የሚጮኸው እጥፍ ያህል ብቻ ነው። በ1965 የማርሻል ኩባንያ ለዘ ሁ ቡድን ባለ 100 ዋት ማጉያ መሥራቱ ለአዳራሽ ተገቢ ነበር። ነገር ግን የራዲዮ አምፑል ያለበት ማጉያ ያን የሚወደደውን ሻካራ ድምፅ የሚሰጠው ኀይሉ ሊያልቅ ሲቃረብ ስለ ሆነ፥ ትልቁን ማጉያ ወደ መኝታ ክፍል የወሰደ ሰው ጎረቤቱን ሳይቀሰቅስ ወደዚያ ድምፅ ሊደርስ አይችልም።

በአንጻሩ ፌንደር ለጀማሪ ብሎ የሠራው ቻምፕ የተባለው ማጉያ 5 ዋት ያህል ብቻ ነበረው። በ1970 ኤሪክ ክላፕተን በማያሚ «ሌይላ»ን ሲቀርጽ የተጠቀመበት ይኸው የጀማሪ ማጉያ ነው። ይሁንና 5 ዋትም ቢሆን በቀጭን ግድግዳ ውስጥ አልፎ ለጎረቤት ይሰማል።

የመጨረሻው መፍትሔ የጆሮ ማዳመጫ ሆነ። ቶም ሾልዝ የተባለ መሐንዲስ ቀን በፖላሮይድ ኩባንያ እየሠራ በ1976 የወጣውን የቦስተን ቡድን የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን ክፍል በቤቱ ምድር ቤት ቀረጸ። እርሱም በ1982 በቀበቶ የሚያዝ፥ በማዳመጫ የሚሰማ ሮክማን የተባለ መሣሪያ አወጣ። በ1998 ላይን 6 የተባለው ኩባንያ ያወጣው ፖድ ደግሞ የብዙ ማጉያዎችን ጠባይ በኮምፒዩተር ስሌት እየመሰለ ያሰማ ነበር። በዚህ መንገድ ቤቱ ጸጥታን አገኘ፤ ነገር ግን የጠፋም ነገር አለ። ስፒከሩ የሚያናውጠው አየር የጊታሩን ክር መልሶ ስለሚነካው የሚፈጠረው ረጅም ድምፅ በማዳመጫ አይገኝም።

መደምደሚያ

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ወጣቱ ጊታር የሚገዛው በመድረክ ያየውን ሰው ለመምሰል ስለ ሆነ ቤት የመድረክ ጥላ ብቻ ነው ይባላል። ምኞቱ ከመድረክ መምጣቱን አንክድም። ምኞቱ መልክ የያዘው ግን በቤት ውስጥ ነው፤ ከላይ ያየናቸውም ምሳሌዎች በቤት የተሠራው ወይም ለቤት የታሰበው ነገር ተመልሶ ወደ መድረክና ወደ መቅረጫ ክፍል እንደሄደ ያሳያሉ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት መድረኮች በተዘጉበት ዓመት ፌንደር እስከዚያ ድረስ ከነበሩት ዓመታት ሁሉ የበለጠ ሽያጭ ማግኘቱም ቤቱ ያለ መድረክ ራሱን ችሎ መቆም እንደሚችል ያመለክታል።

ከዚህ ታሪክ ለገዢው የሚተርፈው ምክር አጭር ነው። አስቀድሞ የሚለካው ክፍሉና ግድግዳው ነው፤ ቀጥሎ ለዚያ ክፍል የሚበቃ ማጉያ ይመረጣል፤ ጊታሩ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል፥ እርሱም ቅኝቱን የሚጠብቅና ለእጅ የሚመች ከሆነ ይበቃል። ብዙ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በመድረክ ያየውን ጊታርና ማጉያ ይገዛና ድምፁን ከፍ ለማድረግ ሳይደፍር ዕቃው ጥግ ይዞ አቧራ ይጠጣል። ለታሪክ ጸሐፊው ደግሞ የሚቀረው ሥራ ይበዛል። መድረክ ማስታወቂያና ሸክላ ትቶ ያልፋል፤ ቤት ግን የካታሎግ ቅጠል፥ የጥገና ደረሰኝና የሰው ትዝታ ብቻ ነው የሚተወው። ስለዚህ የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ይህን መሰብሰብ ይገባል።