ከሞት ከተረፉ በኋላ፦ የአንጎል ጉዳት ተሃድሶ ታሪክና የሥነ ልቦና ተማሪዎቻችን ሥልጠና



ከአየር ጤና ወደ መሀል ከተማ ስንመጣ፣ ዘነበወርቅ ላይ የአለርትን ግቢ እናልፋለን። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመሠረት ዓላማው ከአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች የሥጋ ደዌ ሕክምናንና ተሃድሶን ማስተማር ነበር። ተሃድሶን የሙያ ትምህርት አድርጎ ማሠልጠን ለዚህ ሰፈር እንግዳ አይደለም ማለት ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ትምህርት ከእጅና ከእግር አልፎ ወደ አንጎል እንዴት ይሻገር የሚል ነው።

በሕንድ አገር በቬሎር ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣቶች የሚጠፉት በሽታው ሥጋን በቀጥታ ስለሚበላ አለመሆኑን አስረድቷል። ነርቭ ሲጎዳ ሕመም መሰማቱ ይቀራል፤ ሕመም ያልተሰማው ሰው ደግሞ እጁን ከጋለ ድስት አያሸሽም። ስለዚህ ታካሚው በስሜት ያጣውን በዓይኑ ጥንቃቄ እንዲተካ መማር ነበረበት። የአንጎል ጉዳትም ከዚህ የሚመሳሰል ጠባይ አለው። በተለይ የፊተኛው የአንጎል ክፍል የተጎዳበት ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለውን ራሱ አያውቀውም። «ደኅና ነኝ» ይላል፤ መጎዳቱን የሚያውቁት ቤተሰቦቹ ናቸው።

የአንጎል ጉዳት ተሃድሶ እንደ ሙያ የጎለበተው በጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኩርት ጎልድሽታይን በፍራንክፈርት፣ በሁለተኛው ደግሞ አሌክሳንደር ሉሪያ በኡራል ተራሮች አካባቢ ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ተቀብለው አክመዋል። ለሉሪያ ምዘና ማለት ነጥብ መስጠት ብቻ አልነበረም። አንድ ተግባር ከየትኛው እርከኑ ላይ እንደተሰበረ መፈለግ፣ ከዚያም ያልተጎዳውን ችሎታ ተጠቅሞ ሌላ መንገድ መክፈት ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአማኑኤል ሆስፒታል ታሪክ ከጣልያን ወረራ ዘመን ይጀምራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003፣ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ደግሞ በ2006 ነው። ቀድሞ በመኪና አደጋ ወይም ከሕንፃ ላይ በመውደቅ ይሞቱ ከነበሩት መካከል ዛሬ የሚተርፉ አሉ። የተረፈው ሰው ግን ቁስሉ ሽሮ ወደ ቤቱ ከተላከ በኋላ ትዝታው፣ ትኩረቱና ጠባዩ የማን ኃላፊነት ነው? የሥነ ልቦና ትምህርት መልስ መስጠት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

በወጣትነቴ ስለሠራሁት ስሕተት ልናገር። ከሕንፃ መወጣጫ ላይ የወደቀ አንድ የቀን ሠራተኛ እንድመዝን ተልኮልኝ ነበር። ሰዓት እንዲስል አዘዝሁት፤ አልቻለም። «የማቀድ ችሎታው ተጎድቷል» ብዬ ጻፍሁ። እኅቱ ወረቀቱን አይታ፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ድሮም እርሳስ ይዞ አያውቅም» አለችኝ። ቀጥላም እኔ ያልጠየቅሁትን ነገረችኝ፦ ካልተነገረው በቀር ከመኝታው አይነሣም፤ ሻይ ጥዶ ይረሳል፤ ለታክሲ ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ይወርዳል። የማቀድ ችግር በእርግጥ ነበረበት፤ የእኔ ፈተና ግን አላሳየኝም። ድምዳሜዬ ልክ የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ በዚያው ፈተና ጤነኛውን ወንድሙንም ሕመምተኛ ባልሁት ነበር።

ይህን አደጋ ሉሪያ ራሱ ቀድሞ አይቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 በኡዝቤኪስታን ላልተማሩ ገበሬዎች መዶሻ፣ መጋዝ፣ መጥረቢያና ግንድ አሳይቶ የማይመሳሰለውን እንዲለዩ ጠየቀ። ብዙዎቹ ግንዱን ለይተው ማውጣት አልፈለጉም፤ ግንድ ከሌለ መሣሪያው ምን ይሠራል? አንጎላቸው ጤነኛ ነው፤ የለያቸው ትምህርት ቤት አለመግባታቸው ነው።

የሰዓት ሥዕልን ፈተና ደግሞ በእኛ አገር እንመልከተው። በውጭ የተለመደው ትእዛዝ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር እንዲሣል ነው። ከእኛ መካከል ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር የሚሞላ አለ፤ በውጭ አቆጣጠር ሞልቶ በሐሳቡ እየቀየረ የሚያነብም አለ። ሁለተኛው ሰው ትንሹን ዘንግ አምስት ቁጥር ላይ ቢያደርገው ተሳሳተ ይባላልን? ትርጉም ብቻውን ፈተናን የአገር ልጅ አያደርገውም።

ስለዚህ ሥልጠናችን ሦስት ነገሮችን እንዲይዝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ተማሪው የፈተና ወረቀት ከማንሣቱ በፊት የታካሚውን የትምህርትና የሥራ ታሪክ ይጠይቅ፤ ቤተሰቡንም ለብቻ ያነጋግር። ሁለተኛ፣ ፈተናዎቻችን ባልተማሩና በጤነኛ የአገራችን ሰዎች ላይ ተሞክረው መነሻ ልክ ይውጣላቸው። ሦስተኛ፣ ተማሪው ታካሚውን በዕለት ሥራው ይመልከተው። ቡና ማፍላት ለለመደች ሴት፣ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ እስከ በረካ ማድረስ ቅደም ተከተልን፣ ትኩረትንና ትዝታን አንድ ላይ ይፈትናል። የጎደለው እርከን ሲታወቅ ተሃድሶውም ከዚያው ይጀምራል።

ቀዶ ሐኪሙ ነፍስ አትርፎ ያስረከበንን ሰው እኛ በተሳሳተ ወረቀት ልናሰናብተው አይገባም። ያቺ እኅት ያስተማረችኝን እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ እንድታውቁት እመኛለሁ።