የጣና ቅርሶችና ባለአደራዎቻቸው

የጣና ገዳማት ታሪክ የጠባቂዎቻቸውም ታሪክ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስን የመሰሉ የደሴት ገዳማት በመካከለኛው ዘመን ሲመሠረቱ የመጀመሪያው አጥራቸው ውኃው ነበር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ የሸሹትም ይህን ተማምነው ነው። ሕንፃ ግን በአጥር ብቻ አይቆምም። የሣር ክዳን ይበሰብሳል፣ የጭቃ ግድግዳ ይረግፋል፤ ማደሻው የሚገኘው ነገሥታትና መኳንንት ለአድባራቱ ከተከሉት ጉልት፣ ማለትም ከመሬት ከሚሰበሰብ ግብር፣ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠሩ፤ በመቅደሱ ግድግዳም ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ይታያሉ። የዘመኑ ደጋፊ ስሙንም መልኩንም አይደብቅም ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አደራው ወደ መንግሥት ዞረ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 የጥንታዊ ቅርሶችን አዋጅ አወጣ፤ ከሐይቁ ሰሜን ባለችው በጎንደርም ጣሊያኖች በሲሚንቶ የለበጧቸው ግንቦች በኖራ መጠገን ጀመሩ፤ ፋሲል ግቢም በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረ። በመካከሉ ግን የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጉልቱን ነቅሎታል። ለእኔ ትልቁ የታሪክ እጥፋት ይህ ነው፦ ሕጉ ለቅርሱ ዕውቅና ሰጠ፣ የሚታደስበትን ሀብት ግን አልተካለትም።

ክፍተቱን ለመሙላት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማኅበራት ብቅ አሉ። ማኅበረ ቅዱሳን ገዳማትን በመደገፍ፣ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ደግሞ የተፈጥሮንና የታሪክን ጥበቃ በማስተባበር ሠሩ። አዋጅ 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሙግት ሲያግድ የሲቪል ማኅበራት ድምፅ ሰለለ፤ አዋጅ 1113/2011 በሩን መልሶ ከፈተ። በ2007 ዓ.ም. የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር የናቡ ድጋፍ ታክሎበት ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተባለ።

አብዛኞቹ የቅርስና የተፈጥሮ ተሟጋቾች ግን ከሰው ይልቅ ለድንጋይና ለውኃ ያደላሉ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና አስሮ ታንኳ የሚሠራ የሐይቁ ጥንታዊ ነዋሪ ነው፤ ባሕር ዳር ስትሰፋ ከሐይቁ ዳር እየተገፋ ሄደ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው የእምቦጭ አረም ደግሞ ዳርቻውን እየወረረ ነው። ለአረሙ ከአገር ቤትም ከውጭም ገንዘብ ተዋጥቷል፤ ስለ ታንኳ ሠሪው መኖሪያ ግን የተነሣው ሙግት ጥቂት ነው።

በቅርብ ዓመታት ጉልቱን በከፊል የተካው የጎብኚ መግቢያ ክፍያ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ እንግዳው ቀረ፤ ገዳሙም፣ አስጎብኚውም፣ ጀልባ ነጂውም ገቢያቸው አንድ ላይ ነጠፈ።