ያለቦታው የተመደበ ሠራተኛና የባልደረቦቹ የሥራ ትጋት፦ የጎንደር የቡድን ሥልጠና ተሞክሮ

ሠራተኛ ከሥራው ጋር ሳይጣጣም ሲቀር ጥፋቱ የግለሰቡ ብቻ ተደርጎ ይታያል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን የችግሩ ምንጭ በአብዛኛው የቅጥርና የምደባ አሠራር መሆኑ፣ ጉዳቱም ከሠራተኛው አልፎ ባልደረቦቹን ማዳከሙ ነው።

ተመራማሪው ዊል ፌልፕስና ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ቡድንን የሚያውኩ ሦስት ጠባዮችን ለይተዋል፤ እነሱም ድርሻን አለመወጣት፣ ዘወትር ማማረርና የአብሮነትን ደንብ መጣስ ናቸው። የመጀመሪያው እንዴት እንደሚዛመት ከማንኛውም ቢሮ መረዳት ይቻላል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይል በወቅቱ ካላወጣ፣ ባለጉዳዩ የሚቆጣው መስኮት ላይ በተቀመጠችው ባለሙያ ላይ ነው። ለጊዜው የእሱንም ሥራ ደርባ ትሠራለች። ትጋቷን የሚያይላት ሲጠፋ ግን እሷም «ነገ ይመለሱ» ማለት ትጀምራለች፤ አዲስ ገቢውም የቤቱ ወግ ይኸው ይመስለዋል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ ግቢ የሥራ አመራር ተማሪ ለዚህ መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት፣ በአቅራቢያው በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ገና አልተረሳም ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በአንድ ቡድን አሰማርቶ አሠለጠነ። ሠልጣኙ ከመቀጠሩ በፊት የእሱ መዘግየት የማንን ሥራ እንደሚያስተጓጉል በተግባር ያውቅ ነበር። በአንጻሩ ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት በዕጣ ሲመደቡ ቆይተዋል፤ ዕጣ አድልዎን ቢቀንስም ዝንባሌን አይጠይቅም።

መጣጣም ሲባል ግን መመሳሰል ማለት አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቤንጃሚን ሽናይደር በ1987 እ.ኤ.አ. እንዳስገነዘበው፣ ተመሳሳይ ሰዎችን ብቻ የሚሰበስብ ድርጅት ለለውጥ ይደነዝዛል። በእኛም አገር «ከእኛ ጋር ይስማማል» የሚለው መመዘኛ ለትውውቅና ለዝምድና ቅጥር በር ይከፍታል። ስለዚህ መለኪያው ሥራው ራሱ መሆን አለበት።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በሕግ አለ። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በ2017 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ደንግጎ ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ደንግጓል። የሙከራ ጊዜ ምዘና ለደንቡ ያህል ቅጽ መሙላት ከሆነ ፋይዳ የለውም። የቅርብ ኃላፊዎች አዲሱን ሠራተኛ ሥራ ከሚቀባበላቸው ባልደረቦች ጋር አሠርተው ይመዝኑት፤ ያልሆነለትንም ከማሰናበት በፊት የሚሆነውን የሥራ መደብ ይፈልጉለት።