በወንዝ ላይ የሚፈጠር የበረዶ ክምር

የወንዝ በረዶ ክምር የሚባለው በቀዝቃዛ አገሮች ወንዞች ላይ የሚንሳፈፉ የበረዶ ስብርባሪዎች ጠባብ ወይም ጠመዝማዛ ቦታ ላይ ተሰንቅረው የውሃውን መንገድ ሲዘጉ ነው። ከኋላው የተኛው ውሃ ዳርቻውን አልፎ ይወጣል፤ ክምሩ ሲለቅ ደግሞ ታች ያለውን ይመታል። ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ከተማ ማጥለቅለቁ እኛ ከምናውቀው የክረምት ደራሽ ውሃ ይለየዋል።

ክምሩ በሁለት ወቅት ይፈጠራል። ብርዱ ሲጀምር የፈጣን ወራጅ ውሃ ሙቀት ከዜሮ በአንድ ዲግሪ ጥቂት መቶኛ ያህል ዝቅ ይልና ደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈሉበታል። እነዚህ እርስ በርስም ከድንጋይም ጋር እየተጣበቁ ይቆለላሉ፤ የከተማ ውሃ መሳቢያ ቱቦዎችንም ይደፍናሉ። የከፋው ግን የፀደዩ ነው። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ከመጣ ፀሐይ ሽፋኑን ባለበት ታበሰብሰዋለች፤ ጉዳትም አይኖርም። ሙቀቱ ድንገት ከመጣና በረዶው ገና ጠንካራ ሳለ ውሃው ካበጠ ግን ሽፋኑ ከዳርቻው ተላቆ ይሰባበራል። ስብርባሪው ተንሳፍፎ ይሄድና ያልተሰበረ ሽፋን፣ ደሴት፣ የድልድይ ምሰሶ ወይም ወንዙ ሜዳ የሚይዝበት ቦታ ሲያጋጥመው ይቆማል። እንደ ሌናና አታባስካ ያሉ ወደ ሰሜን የሚፈስሱ ወንዞች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ ደቡብ ያለው የላይኛው ክፍላቸው ቀድሞ ይቀልጣል፣ ታችኛው ግን እንደተጋገረ ይጠብቀዋል።

ጉዳቱን የሚያከብደው ከላይ የሚታየው በረዶ ሳይሆን የሰጠመው ነው። ተንሳፋፊ በረዶ ዘጠኝ አሥረኛ የሚሆነው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ ሜትሮች የሚወፍር ክምር የወንዙን ማለፊያ ክፉኛ ያጠብበዋል። ሻካራ ሆዱም ውሃውን ይይዘዋል። ክፍት ወንዝ የሚሰበቀው ከወለሉ ጋር ብቻ ሲሆን በረዶ የለበሰው ከላይም ከታችም ይሰበቃል። ሰፊ ወንዝ ላይ ሽፋኑ የወለሉን ያህል ሻካራ ከሆነ፣ ያው የውሃ መጠን እንዲያልፍ ጥልቀቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ መጨመር አለበት፤ የክምሩ ውፍረት ገና ሳይቆጠር። እንግዲህ መካከለኛ ፍሰት ብቻ የታላቅ ጎርፍ ከፍታ ሊደርስ ይችላል። በውሃ መጠን ብቻ የተሠራ የጎርፍ ካርታ በእንዲህ ያሉ ወንዞች ዳር ያሉ ከተሞችን ያታልላቸዋል።

ክምሩ የሚለቀው የኋላው ግፊት ከያዘው ኃይል ሲበልጥ ወይም ከፊቱ ያለው ሽፋን ሲሰበር ነው። የተጠራቀመው ውሃ ከነበረዶው ይወርዳል፤ ከታች ወንዙ በደቂቃዎች ውስጥ በሜትሮች ሊያሻቅብ ይችላል። ላይኛው ሰፈር እፎይ ባለ ሰዓት ታችኛው ጭንቅ ውስጥ ይገባል፤ ስብርባሪው ሌላ ቦታ እንደገና ሊሰነቀርም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1838 የዳኑቤ ወንዝ በረዶ የሃንጋሪዋን ፔሽት አጥለቅልቆ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ባሮን ሚክሎሽ ቬሼሌኒ በጀልባ ብዙዎችን በማዳኑ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2001 ሌና ወንዝ ዳር ያለችው የሳይቤሪያዋ ሌንስክ ተራዋ ደረሰ። የሩሲያ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በረዶውን ቢደበድቡትም ከተማዋ አልተረፈችም፤ አብዛኛዋ እንደገና መገንባት ነበረባት። በካናዳ ፎርት ማክመሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 አታባስካ ወንዝ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የረዘመ ክምር ወደ 13,000 ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ።

ፈንጂ ዝናው ከውጤቱ ይበልጣል፤ የተሰባበረው በረዶ የሚሄድበት ክፍት ውሃ ከሌለ ጥቅሙ ጥቂት ነው። የተሻለው አስቀድሞ መሥራት ነው፦ በበረዶ ሰባሪ መርከብ መንገድ መክፈት፣ ሽፋኑን በመጋዝ መሰንጠቅ፣ ወይም ፀሐይ እንዲስብ ጥቁር የከሰል ብናኝ መበተን።

ጎርፉ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። በካናዳ የፒስና አታባስካ ዴልታ ከወንዙ ከፍ ብለው የሚገኙ ሐይቆች ተራ የበጋ ሙላት አይደርስባቸውም፤ የሚሞላቸው የበረዶ ክምር ነው። ፒስ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የቤኔት ግድብ ከተሠራ ወዲህ፣ ለሐይቆቹ መድረቅ ግድቡ ምን ያህል፣ የአየር ንብረት ለውጥስ ምን ያህል ተጠያቂ ነው የሚለው ተመራማሪዎችን እያከራከረ ነው።