ድርቅን የሚያውጀው ማን ነው?

በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ የወረኢሉ አውራጃ ሕዝብ መራቡን የአካባቢው ፖሊስ አወቀ። ሪፖርቱ በአንድ ወር ገደማ አዲስ አበባ፣ አገር ግዛት ሚኒስቴር ገባ። ከዚያ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ ግን ሌላ 302 ቀን ፈጀ። ጃንሆይ ሲሰሙ ሚኒስቴሩ እርምጃ እንዲወስድ አዘዙ፤ ሚኒስቴሩ ደግሞ የሟቾች ስም ዝርዝር ከወሎ እንዲላክለት ጠየቀ። ይህን ታሪክ ያቆዩልን ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ረሀብ አጥንተው የጻፉት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። የወሎን ድርቅ ደጋግሞ ወደ ረሀብ የቀየረው በሚያውቀው ወረዳና በሚያውጀው ባለሥልጣን መካከል የነበረው ይህ ርቀት ነው እላለሁ።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ድርቅ መግባቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። ከመካነ ሰላም በስተ ምዕራብ ዓባይ በጥልቅ ሸለቆው ይፈስሳል፤ በሰሜን በኩል በሽሎ ገደሉን እየሰነጠቀ ይገናኘዋል። ውኃው ታች፣ ማሳው አፋፍ ላይ ነውና የቦረና፣ የለጋምቦና የሳይንት ገበሬ ተስፋው ሰማይ ላይ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው በልግ ከቀረ የደጋው ገብስ ይቀራል፤ ክረምቱም ካጠረ መኸሩ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ምንጩ ይነጥፋል፤ ከብቱ ገበያ እየወጣ ዋጋው ሲወድቅ እህል ይወደዳል። ይህ ሁሉ ሰው ከመሞቱ ከወራት በፊት በገበያ ቀን በግልጽ የሚታይ ነው። የሟች ስም የጠየቀው ቢሮ ከምልክቶቹ ሁሉ የመጨረሻውን ነበር የጠበቀው።

መንገድና ስልክ ባልነበረበት ዘመን ወሬ ቢዘገይ ምን ይደንቃል የሚል ይኖራል። በ1965 ዓ.ም. ግን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎን በዓይናቸው አይተው፣ ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው ነበር፤ መንግሥት ዝምታን መረጠ። ዓለም የሰማው ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። በዚያው ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ቆይቶም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ። ሥርዓቱ ሥራውን ሠርቷል። መጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ 5.2 ሚሊዮን ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታወቀ። ለጋሾቹ ቁጥሩን ተጠራጠሩ፤ ደርግ በበኩሉ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ያሰናዳ ነበር። የኮረም ረሀብተኞች ምስል በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ከሰባት ወር በኋላ ነው። መረጃው በጊዜው ነበረ፤ የዘገየው ውሳኔው ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 የተፈጥሮ አደጋ ሲያጋጥም ወይም የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የክልል መስተዳድሮች በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲያውጁ ፈቀደ። ብዙ ሰው አንቀጹን የሚያስታውሰው ከጸጥታ ጋር ብቻ ስለሆነ ይህ ክፍሉ ይረሳል። ሥልጣኑ ከቤተ መንግሥት ወደ ባሕር ዳር መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው። በአሠራር ግን የወረዳው ሪፖርት ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ይወጣል፤ ከበልግና ከመኸር በኋላ የዳሰሳ ጥናት ይካሄዳል፤ የተረጂው ቁጥርም እንደ አገር ይገለጻል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ሲያስፈልገው የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልደረሰም። አንዱ ምክንያት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ የቆየው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው፤ በዚያ የታቀፈው ቤተሰብ አዋጅ ሳይጠብቅ የሚያገኘው ድጋፍ ነበረው።

ወረዳ እርዳታ ለማግኘት ሲል ያጋንናል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም አልልም። ይሁንና የነጠፈ ምንጭ ይቆጠራል፣ በበልግ ያልተዘራ ማሳ ይለካል፣ የበሬና የገብስ ዋጋ በየሳምንቱ ይመዘገባል። በስህተት ቀድሞ የተላከ የውኃ ቦቴ ወደ ሌላ ወረዳ ይዞራል፤ በመኖ ማጣት የተሸጠ በሬ ግን ለከርሞ እርሻ አይመለስም። ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት አባላት ሆይ፣ የወረዳ ሪፖርት ከደረሰ በኋላ መስተዳድሩ በስንት ቀን ውስጥ “አውጄአለሁ” ወይም “አላውጅም” ብሎ ከነምክንያቱ መመለስ እንዳለበት በሕግ፣ በቁጥር ይጻፍ።