ወደ ማኅበር ከመግባት አስቀድሞ ስለሚደረግ ምርመራ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ ወዳለችው ወደ ወላይታ ሶዶ ለሥራ ወይም ለንግድ ቤተ ሰቡን ይዞ የሚመጣ ሰው፥ ቤት ከያዘ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የሚጠይቀው ወደ የትኛው ዕድር እንደሚገባ ነው። ዘመዱ በሩቅ አገር የሆነ ሰው ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን የሚተክልለት፥ መቃብር የሚቆፍርለትና ለቀስተኛውን የሚያስተናግድለት ዕድሩ ነውና። ዕድርተኞቹ እንግዳውን ይመረምራሉ፤ እንግዳውም በበኩሉ ዕድሩን ሊመረምር ይገባዋል።

ዕድር ለብዙ ሰው ከጥንት አባቶች የወረደ ይመስለዋል። ታሪኩን ያጠኑት አብዛኞቹ እንደሚሉት ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የመጡ ሰዎች ያቋቋሙት ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዘመን ደግሞ መከራው ስለ በዛ ይልቁን ተስፋፋ። ከወገኑ የተለየ ሰው ለዘመድ ምትክ ያበጀው ነገር ስለ ሆነ፥ በሥጋ ዝምድና ፈንታ የተጻፈ ደንብ አለው። ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጥለታል፤ ሞት ሲደርስ ጥሩምባ ነፊው ማልዶ ሠፈሩን ያነቃል፤ ከቀብር የቀረ መቀጫ ይከፍላል። አዲስ ገቢ የመግቢያ ገንዘብ መጠየቁም ቅር ሊያሰኘው አይገባም፤ ድንኳኑም ድስቱም አግዳሚ ወንበሩም የተገዛው የቀደሙት ባዋጡት ነውና።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው እንዲህ እያለ ይጠይቃል። ዕድሩ የሚከፍለው ለባል፥ ለሚስትና ለልጅ ሞት ብቻ ነውን፥ ወይስ ለአማትና ለወንድምም? ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ይነበባልን? ወርኃዊውን መዋጮ ያጣ ችግረኛ ይታገሡታልን፥ ወይስ ስሙን ከመዝገብ ይፍቁታል? ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን በቅርብ ጊዜ ሐዘን የደረሰበትን አንድ ዕድርተኛ ማነጋገር ነው፤ ደንብማ በወረቀት ላይ ሁሉም ያማረ ነው። ዕቁብ የሚገባም ቢሆን ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይጥልም።

በወላይታ አገር መተባበር ከከተማ ጋር የመጣ አይደለም። ገበሬው በዳጎ ተሰብስቦ የባልንጀራውን መሬት በየተራ ያርሳል፤ ለጊፋታ በዓል በሬ የሚያርዱ ጎረቤቶች ገንዘቡን አስቀድመው ያጠራቅማሉ፥ ሴቶቹም ለቅቤው እንደዚሁ። ይሁን እንጂ በዚሁ አገር ጭናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፥ ቆዳ ፋቂዎቹና ቀጥቃጮቹም፥ በእጃቸው ሥራ ምክንያት ከሌላው ተለይተው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ ጋር መጋባትና በአንድ ማዕድ መቀመጥ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ማሰሮውን ገዝቶ ወጡን የሚሠራበት ሰው ማሰሮውን ከሠራው ጋር አብሮ አይበላም ነበር። ስለዚህ የአንድ ማኅበር ጠባይ ማንን እንዳስገባ ብቻ ሳይሆን ማንን ከደጅ እንዳስቀረ በመጠየቅም ይታወቃል።

ከደጅ የቀሩ ሰዎች የራሳቸውን ደጅ ሲያበጁ ምን እንደሚሆን የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ያሳያል። (ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ነጮቹ ተማሪዎች በማኅበሮቻቸው ስላላስገቧቸው፥ በ1906 ሰባት ጥቁር ተማሪዎች በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አልፋ ፋይ አልፋ የሚባለውን የወንድማማች ማኅበር አቆሙ። በ1908 በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶቹ አልፋ ካፓ አልፋ ተከተለ። ዛሬ ታላላቅ ከሚባሉት ዘጠኙ መካከል አምስቱ የተወለዱት በዚሁ በሐዋርድ ነው፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት፥ በኋላም በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ከማቋቋማቸው በፊት ከአሜሪካ ጥቁሮች ጋር የተወዳጁበት ትምህርት ቤት ነው። ዴልታ ሲግማ ቴታን በጥር 1913 ያቋቋሙት 22 ሴቶች ሁለት ወር ሳይሞላቸው በዋሽንግተን አደባባይ ለሴቶች የመምረጥ መብት ተሰልፈዋል። ማርቲን ሉተር ኪንግም የአልፋ ፋይ አልፋ አባል ነበር። አባልነቱ በትምህርት ቤት አይቀርም፤ እስከ ዕድሜ ልክ ነው።

ነገር ግን ወደ እነዚህ ማኅበሮች ለመግባት ደጅ መጥናት ነበረ፤ ደጅ ጥናቱም ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ድብደባና ወደ ማዋረድ ተለወጠ። በ1990 መሪዎቹ ይህን ልማድ ለማስቀረት ተስማሙ፤ ቢሆንም በስውር ቀጠለ፥ በ1994 በሚዙሪ አንድ ተማሪ በዚሁ ድብደባ ሞተ። በንቀት ከደጅ የተመለሱ ሰዎች ያቆሙት ቤት በደጁ የቆመውን መምታቱ እጅግ ያሳዝናል። ስለዚህ በዚያ አገር ብልህ ተማሪ የማኅበሩን ታሪክ ያነባል፥ ለድኾች ምን እንደሚሠራ ይመለከታል፥ ቀድሞ የተመረቁትን ያነጋግራል፥ ማኅበሩ በዩኒቨርሲቲው ተቀጥቶ እንደ ሆነም ይጠይቃል። በሌሊት ለብቻህ ና የሚሉትንም አይከተልም።

የሶዶው እንግዳ እንዲህ ያለ ድብደባ አያስፈራውም። ቢሆንም በሠፈሩ ሸክላ ሠሪ ቢኖር በዕድሩ መዝገብ ስሙ ተጽፎ እንደ ሆነ፥ በለቅሶ ድንኳን ውስጥም ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ መጠየቅ ይችላል። ዳኛው መልሱን ሲሰጥ የሌሎቹን ፊት ይመልከት። መልሱ ደስ ካሰኘው በሚቀጥለው የስብሰባ ቀን የመግቢያውን ገንዘብ ይዞ ይመጣል፥ ጸሐፊውም ስሙን ይጽፋል።